ማሽኑ የሚቆጥረው የእኔን ልብ ነበር

እግዚአብሔር ለእኔና ለልጄ ያደረገውን ልመሰክር ነው። ዝም ብል ድንጋይ ይናገራል።

ከዚህ ልጅ በፊት አንዲት ሴት ልጅ አጥቻለሁ። የእርግዝናዬ መጨረሻ አካባቢ እንቅስቃሴዋ ቀነሰ፤ ከዚያም ጨርሶ ቆመ። ስመረመር የልቧ ትርታ አልተሰማም። ያንን ሐዘን ያየ ያውቀዋል፤ ብዙ አልልም።

እንደገና ሳረግዝ ጸሎቴ ተለወጠ። በፊት “ጌታ ሆይ፣ በሰላም አገላግለኝ” ብቻ ነበር የምለው። አሁን ለይቼ ለመንኩ፦ “ጌታ ሆይ፣ እኔ የማልሰማውን የሚሰማ ሰው አጠገቤ አቁምልኝ።” ባለቤቴም ማታ ማታ እጁን ሆዴ ላይ አድርጎ ይህንኑ ይጸልይ ነበር። ሌላ ልመና አልነበረንም ማለት ይቻላል።

በክትትል ጊዜ አንዲት ነርስ የነገረችኝን ለሌሎች እናቶችም ላድርስ። “የልጅሽን አመል የምታውቂው አንቺ ነሽ። ከለመድሽው እንቅስቃሴ ከቀነሰብሽ ‘እስኪ ነገን ልየው’ አትበይ። ያኔውኑ ነይ” አለችኝ። እኔም ጠርጥሬ ሄጄ አውቃለሁ። ልቡን አዳምጠው “ደህና ነው” ብለው መለሱኝ። ማንም “ለምን መጣሽ” አላለኝም። እባካችሁ፣ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ እየጸለያችሁም ሂዱ።

ምጡ የተጀመረው በመድኃኒት ነው። በግሉኮስ ውስጥ ጠብ ጠብ እያለ የሚገባ፣ ማሕፀን እንዲኮማተር የሚያደርግ መድኃኒት ነው። ምጥ በመጣ ቁጥር በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ሕፃኑ የሚያልፈው ደም ለአጭር ጊዜ ይቀንሳል። ጤነኛ ሕፃን ይህን ይችለዋል፤ ምጡ ሲለቅም ያገግማል። ምጡ ከመጠን በላይ ከተደራረበ ግን ማረፊያ ያጣል። ስለዚህ ከማሽን ጋር የተያያዘ ሁለት ቀበቶ ሆዴ ላይ ታሰረልኝ። አንዱ ምጡን ይለካል፣ ሌላው የሕፃኑን ልብ ያዳምጣል። የሕፃን ልብ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ሲመታ ጤናማ ነው አሉኝ። ድምፁ እንደሚጋልብ ፈረስ ኮቴ ነው። ለእኔ ከዝማሬ ሁሉ በላይ ነበር።

አዋላጅ ነርሷን ሲስተር ብዬ ልጥራት። ከማሽኑ የሚወጣውን ወረቀት ታነባለች፤ መድኃኒቱን ታስተካክላለች፤ ወገቤን ታሸኛለች። አንድ ነገሯ ግን ገረመኝ። ማሽኑ እያለ በየጊዜው የእጄን አንጓ ይዛ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየች ትቆጥራለች።

“ሲስተር፣ ምን እየቆጠርሽ ነው?” አልኳት።

“የአንቺን ልብ ነው፣ እናቴ። ማሽኑ የማንን ልብ እንደሚሰማ አይለይም። የአንቺንም ይዞ ቁጥር ሊያሳየኝ ይችላል።”

ያኔ ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። ምጥ ላይ ያለ ሰው ምን ያስባል!

ማማጥ ስጀምር ማሽኑ 120፣ 130 እያለ ያሳይ ነበር። ለሚያየው ሁሉ ጥሩ ቁጥር ነው። ባማጥኩ ቁጥር ደግሞ ከፍ ይላል። ሲስተር ወረቀቱን አየች፣ እንደገና አየች። በማማጥ ጊዜ የሕፃን ልብ ብዙውን ጊዜ ዝቅ ይላል እንጂ በየምጡ እየጠበቀ አይጨምርም፤ የምታምጠው እናት ልብ ግን ይጨምራል። ይህን በኋላ ነው ያስረዳችኝ። እጄን ያዘችና ቆጠረች። ቁጥሩ ከማሽኑ ጋር አንድ ሆነ።

ወዲያው በእጅ የሚያዘውን ማዳመጫ አምጥታ ሆዴ ላይ እያዘዋወረች ፈለገች። አገኘችው። 80 ነበር። ምጡ ከለቀቀም በኋላ አልተነሣም።

አልጮኸችም። መድኃኒቱን ዘጋች፤ በግራ ጎኔ አዞረችኝ፤ ሐኪሙን አስጠራች። “እናቴ፣ ለአሁን አታምጪ፤ ተንፍሺ ብቻ” አለችኝ። በዚያች ሰዓት ረጅም ጸሎት አልነበረኝም። “ጌታ ሆይ፣ ሰምተኸኛል፤ አትተወኝ” አልኩ። ፍርሃቴ ጠፍቶ ነበር ብዬ አልዋሽም። ነገር ግን የለመንኩት ሰው አጠገቤ መቆሙን አየሁ፤ እሱን ይዤ ቆየሁ።

ሐኪሙ መጣና በቫክዩም፣ የሕፃኑን ጭንቅላት ይዞ በሚስብ መሣሪያ፣ አወጣው። እትብቱ አንገቱ ላይ ሁለት ጊዜ ተጠምጥሞ ነበር። እትብት አንገት ላይ መጠምጠም ብዙ ሕፃናት ላይ የሚያጋጥም ነገር ነው፤ አብዛኞቹም ምንም ሳይሆኑ ይወለዳሉ። የእኔ ልጅ ግን ዝልፍልፍ ብሎ ነው የወጣው። አላለቀሰም።

ሲስተር አደራረቀችው፤ ጀርባውን አሸችው። ሳይተነፍስ ሲቀር ትንሿን ጭምብል አፍና አፍንጫው ላይ አድርጋ አየር ሰጠችው። ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል ይታየኛል። እኔ “በስምህ፣ በስምህ” ከማለት በቀር ቃል አጣሁ። ከዚያ አለቀሰ። ሕፃናት ሲወለዱ ትንፋሻቸው፣ የልብ ምታቸው፣ ቀለማቸውና ብርታታቸው ታይቶ ከ10 ነጥብ ይሰጣቸዋል። ልጄ በአንደኛው ደቂቃ 4 ነበረው፤ በአምስተኛው 8 ሆነ።

ከቫክዩሙ ጭንቅላቱ ላይ የቀረው እብጠት በጥቂት ቀናት ውስጥ ጠፋ። ጡት በደንብ ጠባ። ክትትል ሲደረግለት ቆይቶ “እድገቱ ጥሩ ነው” ተባልን። አሁን የቤቱን ዕቃ ሁሉ እየጎተተ ይጥልብናል።

አንዳንድ ሰዎች “ነርሷ ሥራዋን ነው የሠራችው፤ ተአምሩ የቱ ላይ ነው?” ይሉኛል። አዎ፣ ሥራዋን ነው የሠራችው። እኔም የለመንኩት ይህንኑ ነው። መልአክ ላክልኝ አላልኩም። የሚሰማ ሰው አቁምልኝ አልኩ፤ እሱም ደክሟት እንኳ መቁጠር የማትተው ሴት አቆመልኝ። የማያንቀላፋው ጠባቂ በእሷ ጣቶች ልጄን ጠበቀው። እኔ እንዲህ ነው የማምነው።

ሲስተርን በጸሎቴ አልረሳትም። ዛሬ ሌሊት ተረኛ የሆኑትን አዋላጆች እናንተም በጸሎት አስቡልኝ፤ ጆሯቸውን ጌታ ያንቃላቸው። ልጃቸውን አጥተው ዳግም ለማርገዝ የሚፈሩ እናቶችንም አስቡ፤ እኔ በየቀኑ አስባቸዋለሁ።

ክብር ሁሉ ለእርሱ ይሁን። አሜን።