ወንድሜን ከነቱቦው ሳስታምመው የተማርኩት

ነገሩ የጀመረው በሳንባ ምች ነው። ክረምቱ አጋማሽ ላይ፣ የጅማ ዝናብ ቀንና ሌሊት ሲወርድ፣ ታናሽ ወንድሜን ሳልና ትኩሳት ያዘው። ኪኒን ታዘዘለት። በአራተኛው ቀን ቀለል ሲለው ተወው። እኔም "ጨርሰው እንጂ" አላልኩትም። አሁንም ይቆጨኛል።

ከሳምንት በኋላ ትኩሳቱ ተመለሰ። ማታ ማታ ላብ ያጠምቀዋል፤ አየር ሲስብ ቀኝ ጎኑን ይወጋዋል። እማዬ "ብርድ ነው" ብላ ዝንጅብል አፈላችለት። እኔን ያስደነገጠኝ ከሂርማታ ገበያ ስንመለስ አጭሯን መንገድ ሦስት ጊዜ ቆሞ ማረፉ ነው። ወዲያው በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድኩት።

ራጁ ላይ የቀኝ ሳንባው ታችኛው ክፍል ነጭ ሆኖ ታየ። ቦታውን በአልትራሳውንድ አይተው በመርፌ ሲቀዱት ወፍራም፣ የሚሸት መግል ወጣ። ሐኪሟ ወረቀት ላይ እየሳለች አስረዳችኝ። ሳንባንና የደረትን ግድግዳ የሚያለብሱ ሁለት ስስ ሽፋኖች አሉ። በመሃላቸው ያለው ፈሳሽ በጣም ጥቂት ነው። ሳንባ ምች ሲይዝ ይበዛል፤ ጀርም ከገባበት መግል ይሆናል። ከቆየ ደግሞ ክፍል ክፍል እየሠራ ይወፍርና ሳንባውን እንደ ቅርፊት ጨብጦ ይይዘዋል። ያኔ ኦፕራሲዮን ሊያስፈልግ ይችላል። መድኃኒት እንዲህ ያለ መግል ውስጥ ብቻውን በደንብ አይሠራም፤ መግሉ መውጣት አለበት። ቲቢም ይህን ስለሚያመጣ ናሙናው ለእሱም ተመረመረ፤ አልተገኘበትም።

መግሉን የሚያወጣ ቱቦ በጎኑ ይገባል ሲባል አክስቴ "ሳንባውን ሊበሱት ነው!" ብላ አለቀሰች። እኛም ፈርተን ሳንፈርም ግማሽ ቀን አባከንን። ቱቦው ግን ሳንባው ውስጥ አይገባም፤ በሳንባውና በደረቱ መሃል ነው የሚቀመጠው። ቦታውም በመርፌ ይደነዝዛል።

ከዚያ መግሉ በቱቦው የሚወርድበት፣ ውሃ ያለበት ጠርሙስ የእኔ ሥራ ሆነ። ሁልጊዜ ከደረቱ በታች፣ ወለል ላይ ነው የሚቀመጠው። ከፍ ካለ የወጣው ተመልሶ ሊገባ ይችላል። ሽንት ቤት ሲሄድ ዝቅ አድርጌ ይዤ እከተለዋለሁ። ሲተነፍስ ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ ከፍ ዝቅ ይላል። አንድ ሌሊት እንቅስቃሴው ቆመ። እየሮጥኩ ነርሷን ጠራሁ። ቱቦው ጀርባው ሥር ታጥፎ ነበር! ከዚያ ወዲያ በየሰዓቱ እየተነሳሁ በስልኬ መብራት አየው ነበር። የወጣውን መጠን ጠዋት ጠዋት ደብተር ላይ ጻፍኩ።

ከሁሉ የከበደኝ ትንፋሽ ማለማመዱ ነው። ስለሚያመው በረጅሙ መሳብ አይፈልግም፤ ካልሳበ ደግሞ ሳንባው አይከፈትም። ማስታገሻው ሲሠራለት ጠብቄ ቁጭ አደርገዋለሁ፣ ጎኑን በትራስ ደግፌ "በል፣ አንድ ጊዜ ብቻ" እለዋለሁ። አሥር ጊዜ ይሆናል።

ቱቦው በ11ኛው ቀን ወጣ። መድኃኒቱ ግን ሆስፒታል ከተወጋው መርፌ ጋር በጠቅላላው 6 ሳምንት ነበር። ቤት ከገባን በኋላ ኪኒኑን በየማታው እኔ ራሴ እየቆጠርኩ ሰጠሁት፤ የመጨረሻውን መስከረም መጨረሻ ላይ ዋጠ።