ዕዝራ ያፈረበትን ነህምያ ተቀበለ፤ የስምንተኛ ሳምንት ማስታወሻ

ሰላም ወዳጆች። መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ሰይፍና በእግዚአብሔር ስለ መታመን የሚለውን በተርታ ማንበብ ከጀመርኩ ስምንት ሳምንት ሞላኝ። የሚጋጩ የሚመስሉትን ቃሎች ደብተር ላይ ጎን ለጎን እጽፋለሁ። ከዚያ ምዕራፉን ሙሉ አነባለሁ።

ኢሳይያስ 2፥4 ሰይፉ ማረሻ ይሆናል ይላል፤ ኢዩኤል 3፥10 ማረሻውን ሰይፍ አድርጉ ይላል። ይሄ ቶሎ ተፈታልኝ። ኢዩኤል ላይ የሚጠሩት ለፍርድ የሚሰበሰቡ አሕዛብ ናቸው።

ሉቃስ 22 ግን ሳምንት ሙሉ ያዘኝ። ጌታ ሰይፍ የሌለው ልብሱን ሸጦ ይግዛ አለ። በዚያው ሌሊት ሰይፉ ጆሮ ሲቆርጥ ከለከለ፤ ጆሮውንም ዳስሶ ፈወሰ። ሁለት ሰይፍ አለን ሲሉት ይበቃል ማለቱን ልብ በሉ። በሁለት ሰይፍ ማን ይዋጋል? ቁጥር 37 ላይ ከዓመፀኞች ጋር ስለ መቆጠሩ የተጻፈውን ያነሳል። ለእኔ ቁልፉ እዚያ ነው፤ ሰይፉ ለውጊያ ሳይሆን ያ ቃል እንዲፈጸም ነው።

ልቤን የነካው ግን ሌላ ነው። ዕዝራ በፋርስ ንጉሥ በአርጤክስስ 7ኛ ዓመት ወደ ኢየሩሳሌም ሲነሳ፣ አምላካችን ይጠብቀናል ብሎ ለንጉሡ ስለ ተናገረ፣ ወታደር መለመን አፈረ። ጾመው ጸልየው ሄዱ። ነህምያ ደግሞ በ20ኛው ዓመት በዚያው ንጉሥ ፈረሰኞች ታጅቦ ሄደ። መጽሐፉ አንዱንም አይወቅስም።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ደሴ ሲቃረብ እኔ ልጆቼን ይዤ ወጣሁ። እማዬ «እግዚአብሔር እዚህም አለ» ብላ ከሙስሊም ጎረቤታችን ጋር ቀረች። ስመለስ የቤቴን ቁልፍ ከመቀነቷ ቋጠሮ ፈትታ ሰጠችኝ። ቋጠሮው ጠብቆ ቶሎ አልፈታ ብሏት ነበር። ከዚያ ወዲህ እሷ ያመነች፣ እኔ የሸሸሁ እየመሰለኝ ስጨነቅ ኖርኩ።

ባለፈው እሁድ ቡና ላይ ነህምያ 4፥9ን አነበብኩላት። የኢየሩሳሌምን ቅጥር የሚሠሩት ጸለዩ፤ ቀንና ሌሊትም ዘብ አቆሙ ይላል። ሲኒዋን አስቀምጣ «ታዲያ አንተስ ልጆቹን ስትጠብቅ አልነበር?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ደስም አለኝ።

ቀጣዩ 1ኛ ሳሙኤል 15 ነው። የአማሌቅ ሕዝብ ሕፃናት ሳይቀሩ እንዲገደሉ የታዘዘበት ነገር። ሁለቴ ከፍቼ ሁለቴ ዘግቼዋለሁ። የደፈራችሁት ካላችሁ፣ ከየት እንደጀመራችሁ ንገሩኝ።