ከድንጋይ ጋር የተነጠፉ ወረቀቶች

ዛሬ ሙኒክ በሚገኘው የሉድቪግ ማክሲሚሊያን ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ቆሜ ዋልኩ ማለት ይቻላል። ከሩቅ ሲያዩት ነፋስ የበተነው ወረቀት ይመስላል፤ ቀርበው ጎንበስ ሲሉ ግን ከጥርብ ድንጋዩ ጋር የተነጠፈ ነው። ጣቴን አሳረፍኩበት፤ ይቀዘቅዛል። «ነጭ ጽጌረዳ» በሚል ስም ናዚዎችን የተቃወሙት ተማሪዎች የበተኑት ጽሑፍ መታሰቢያ ነው።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የካቲት 18 ቀን 1943 ሀንስ ሾል እና እህቱ ሶፊ በራሪ ወረቀቶቹን በየመማሪያ ክፍሉ በር አስቀመጡ። የቀረውን ሶፊ ከፎቅ ወደ አዳራሹ ለቀቀችው። የሕንፃው ጠባቂ አይቶ አስያዛቸው። በአራተኛው ቀን ከጓደኛቸው ክሪስቶፍ ፕሮብስት ጋር አንገታቸው ተቀላ። ሶፊ 21 ዓመቷ ነበር። ፕሮብስት የሦስት ልጆች አባት ነበር፤ የመጨረሻዋ ከተወለደች ገና ወሯ ነው። ጽሑፉን ያዘጋጁት ፕሮፌሰር ኩርት ሁበርም በዚያው ዓመት ሐምሌ ተገደሉ።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ሌላ ነው። በተገደሉበት ቀን ማምሻውን በመቶዎች የሚቆጠሩ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተሰብስበው ለጠባቂው አጨበጨቡለት። አብረዋቸው የተማሩ ልጆች!

ወረቀቱ የተበተነበትን ቀን ወደ እኛ ዘመን አቆጣጠር ስመልሰው የካቲት 11 ሆነ፤ የሰማዕታት ቀናችን ዋዜማ። ስድስት ኪሎ ስማር በየካቲት 12 ሐውልት ስር ስንት ጊዜ አልፌያለሁ።

ስወጣ አንዲት ተማሪ ብስክሌቷን እየገፋች መጣች። ወረቀቶቹ ጋ ስትደርስ ጎማውን አዙራ በዳር አለፈች።