ቴሌስኮፕ ስመርጥ የሳትኩትና ያረምኩት

ቴሌስኮፕ መምረጥ ስጀምር አስቀድሜ የጠየቅሁት «ስንት እጥፍ ያጎላል?» ብዬ ነበር። የመጀመሪያው መሣሪያዬ የፊት ሌንሱ 70 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን፣ ካርቶኑ ላይ ግን 525 እጥፍ እንደሚያጎላ ተጽፎበት ነበር። የማጉላት መጠን የሚገኘው የቴሌስኮፑን የትኩረት ርቀት (ብርሃኑ ከሌንሱ ተነሥቶ አንድ ነጥብ ላይ እስኪገናኝ ያለውን ርቀት) በዓይናችን በኩል ለሚገጠመው ትንሽ ሌንስ (የዓይን ሌንስ ልበለው) የትኩረት ርቀት በማካፈል ስለሆነ፣ ትንሹን ሌንስ በመቀያየር ቁጥሩን እስከፈለጉት ማሳደግ ይቻላል፤ የሚሰበሰበው ብርሃን ግን ያው ነውና ምስሉ በሰፋ ቁጥር እየጨለመና እየደበዘዘ ይሄዳል። በተለምዶ የሚሠራበት ጣሪያ ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር የፊት ሌንስ ስፋት ሁለት እጥፍ ገደማ ነው፤ ለእኔው መሣሪያ 140 መሆኑ ነው።

ከዚህ ይልቅ ያስመረረኝ ማቆሚያው ነበር። ጁፒተርን አግኝቼ ምስሉን ለማጥራት በነካሁት ቁጥር ቀጫጭኖቹ ሦስት እግሮች ስለሚንቀጠቀጡ፣ እስኪረጋ ስጠብቅ ፕላኔቱ ከእይታዬ ይወጣ ነበር።

ስለዚህ ሁለተኛውን ስመርጥ የጠየቅሁት ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ብርሃን የሚቀበልበት ስፋት ምን ያህል ነው? ብቻዬን ተሸክሜ ጓሮ ላወጣውስ እችላለሁ? የወሰንኩት በፊት ሌንስ ፈንታ በመስታወት ብርሃን በሚሰበስብ፣ የመስታወቱ ስፋት 200 ሚሊ ሜትር፣ የትኩረት ርቀቱ 1200 ሚሊ ሜትር በሆነ ዶብሶኒያን ነው። ጆን ዶብሰን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በሳን ፍራንሲስኮ ያስተዋወቀው ይህ አሠራር ቱቦውን መሬት ላይ በሚቀመጥ የእንጨት ሳጥን ላይ አስቀምጦ በእጅ ወደ ጎንና ወደ ላይ ማዞር ስለሆነ፣ ገንዘቡ ለሞተርና ለእግር ሳይሆን ለመስታወቱ ይውላል። ከ70ው ጋር ሲነጻጸር ስምንት እጥፍ ያህል ብርሃን ይሰበስባል። ኤም 13 የተባለው የከዋክብት ክምችት በቀድሞው መሣሪያ ጭጋግ ብቻ ነበር፤ በዚህኛው፣ በ10 ሚሊ ሜትር የዓይን ሌንስ 120 እጥፍ ሲጎላ፣ ዳርና ዳሩ ወደ ነጠላ ከዋክብት ተበተነልኝ። አየሩ በረጋበት ሌሊት የሳተርንን ቀለበቶች የሚከፍለውን የካሲኒ ክፍተትም ለይቻለሁ።

250 ሚሊ ሜትሩ አጓጉቶኝ እንደነበር አልደብቅም። የብርሃኑ ብልጫ ግን አንድ እጥፍ ተኩል ገደማ ሲሆን ክብደቱ ደረጃ ላይ የሚያስፈራ ስለነበር ተውኩት። 200ውም ቢሆን መስታወቱ ከውጭው አየር ጋር እስኪቀዘቅዝ ግማሽ ሰዓት ያህል ያስጠብቃል፤ መስታወቶቹንም አልፎ አልፎ ማስተካከል ይጠይቃል።

ሰማዩን በፎቶግራፍ ለለመደ ሰው አንድሮሜዳ ጋላክሲ ቅር ያሰኛል፤ ቀለም የሌለው ግራጫ ጭጋግ ነው። ስፋቱም በሰማይ ላይ ሦስት ዲግሪ ያህል፣ ማለትም የጨረቃን ዲያሜትር ስድስት እጥፍ ገደማ ስለሆነ በትልቁ መሣሪያ መሐሉ ብቻ ይታያል፤ ሙሉውን ለማየት አሁንም 70ውን አወጣለሁ። ለዚሁ ሲባል ለ200ው 32 ሚሊ ሜትር የዓይን ሌንስ እያሰብኩ ነው፤ ማጉላቱን በ25 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ ከሚገኘው 48 እጥፍ ወደ 37.5 ዝቅ ያደርግልኛል።