የኬሎይድን ውፍረት በአልትራሳውንድ ስለ መለካት

አልትራሳውንድ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው የእርግዝና ክትትልን ነው። እኔ ግን ይህ መሣሪያ በቆዳ ሕክምና ክፍልም፣ በተለይ ኬሎይድ ላለባቸው ታካሚዎች፣ ቋሚ ቦታ ሊሰጠው ይገባል ብዬ በጽኑ አምናለሁ።

ኬሎይድ ከቁስሉ ወሰን አልፎ ወደ ጤናማው ቆዳ የሚስፋፋ ጠባሳ ነው። ጆሮ ከተበሳ፣ ብጉር ከዳነ ወይም ቀዶ ሕክምና ከተደረገ በኋላ ሊወጣ ይችላል፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይም ይበልጥ ይታያል። ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቀው የቫንኩቨር የጠባሳ መመዘኛ በዓይንና በእጅ የሚሠራ ሲሆን፣ ነጥብ የሚሰጠው ለቀለም፣ ለደም ሥር ብዛት፣ ለልስላሴና ከቆዳው በላይ ላለው ከፍታ ነው። ችግሩ ግን የደም ሥሩ ብዛት የሚገመተው በመቅላት በመሆኑ፣ በእኛ ዓይነት ቆዳ ላይ መቅላቱን ለይቶ ማየት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ከፍታውም ቢሆን ከቆዳው ሥር ስላለው ክፍል የሚነግረን ነገር የለም።

አልትራሳውንድ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በምስሉ ላይ ኬሎይዱ ከጎኑ ካለው ጤናማ ቆዳ አንጻር ጠቆር ብሎ ስለሚታይ፣ ከላይ እስከ ታች ያለው ውፍረት በሚሊ ሜትር ይለካል። 20 ሜጋኸርዝ ያህል ድግግሞሽ ያለው ሞገድ ምስሉን አጥርቶ ቢያሳይም ርቆ ስለማይዘልቅ፣ ለወፍራም ጠባሳ ዝቅ ያለውን መምረጥ ያስፈልጋል። የደም ፍሰትን የሚያሳየው ዶፕለር የተባለው የአልትራሳውንድ ዘዴ ደግሞ፣ የቆዳው ቀለም ምንም ይሁን ምን፣ በጠባሳው ውስጥ የሚፈስሰውን ደም ያሳያል።

ሥራው ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ጄሉ በብዛት ተደርጎ ፕሮቡ (በእጅ ተይዞ ምስሉን የሚያነሳው የመሣሪያው ክፍል) በላዩ ላይ እንደ ተንሳፈፈ መያዝ አለበት፤ ትንሽ እንኳ ከተጫኑት ጠባሳው ስለሚጠፈጠፍ ውፍረቱ ከእውነተኛው ያንሳል፤ ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮችም ስለሚጨፈለቁ በዶፕለር አይታዩም። በየጊዜው የሚለካው ያው ቦታ እንዲሆንም ነጥቡን በፎቶ መዝግቦ ማስቀመጥ ይበጃል።

ልኬቱ ለሕክምናውም ይረዳል። ለኬሎይድ በብዛት የሚሰጠው ትራያምሲኖሎን የተባለው የስቴሮይድ መድኃኒት መርፌ መግባት ያለበት በጠባሳው ውስጥ ነው፤ ከሥሩ ወዳለው ስብ ከወረደ ስቡን አሳስቶ ቆዳውን ሊያሰረጉድ ይችላል። በመሆኑም የመጀመሪያው ልኬት ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ቢወሰድ፣ ሐኪሙ መርፌውን እስከ ምን ድረስ ማስገባት እንዳለበት ያውቃል፤ ታካሚውም በቀጣዩ ቀጠሮ ጠባሳው መሳሳት አለመሳሳቱን በቁጥር ይረዳል።