የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታዬን ሳስከብር ያየሁት ፍዳ

ጡረታዬ ተከብሮ ክፍያው እየገባልኝ ነው። ግን መሃል ላይ የገጠመኝን ነገር ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም። እናንተ እንደኔ እንዳትንገላቱ ብዬ ነው የምጽፈው።

መነሻው ቀላል ነው። አሜሪካ ውስጥ በሕጋዊ ፈቃድ ሠርታችሁ የሶሻል ሴኩሪቲ ታክስ ስትከፍሉ ክሬዲት ይቆጠርላችኋል። በዓመት ከ4 አይበልጥም። 40 ሲሞላ፣ ማለትም ቢያንስ 10 ዓመት ሲሠራ፣ ጡረታ ይገባችኋል። እ.ኤ.አ. በ2025 አንዱ ክሬዲት 1,810 ዶላር ገቢ ይጠይቅ ነበር። ዜግነት መውሰድ ግዴታ አይደለም። ዓመቶቹ የግድ ተከታታይ መሆን የለባቸውም።

አገር ቤት የሠራነው ግን አይደመርም። አሜሪካ ከጣሊያን፣ ከጀርመን፣ ከካናዳና ከሌሎች አገሮች ጋር የሥራ ዘመን የሚያደማምር ስምምነት አላት። ከኢትዮጵያ ጋር የላትም። በመምህርነት ያገለገልኩበት ዘመን እዚህ ምንም አልቆጠረልኝም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዴ ላይ የመጨረሻ ስም ሆኖ የተጻፈው የአያቴ ስም ነው። መጀመሪያ የቀጠረኝ የፓርኪንግ ድርጅት ግን የአባቴን ስም የመጨረሻ አድርጎ መዘገበኝ። በዚያ ላይ ከሶሻል ቁጥሬ አንዱን አሃዝ አሳሳተው። ከደመወዜ 6.2 በመቶ በየክፍያው ይቆረጥ ነበር። ገንዘቡም ለመንግሥት ገብቷል። ስምና ቁጥር ሳይገጣጠሙ ሲቀሩ ግን ገቢው ባለቤቱ ያልታወቀ ገቢ በሚቀመጥበት መዝገብ ውስጥ ይገባል። እዚያ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ይህን ያወቅኩት በሶሻል ሴኩሪቲ ድረ-ገጽ ኦንላይን አካውንት ከፍቼ የገቢ መዝገቤን ሳይ ነው። ሌሊት ሌሊት ብርድ ላይ ቆሜ መኪና ሳስገባና ሳስወጣ የኖርኩባቸው ዓመታት ፊት ለፊት ዜሮ ተጽፏል። ጡረታ የሚሰላው ከፍተኛ ገቢ ባገኛችሁባቸው 35 ዓመታት ነው። በጉልምስናችን ለመጣን ሰዎች 35 ድሮም አይሞላም፤ የጎደለው በዜሮ ይሞላል። በዚያ ላይ የሠራሁትንም ዜሮ ማድረግ ዘረፋ ነው። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ድርጅቱ ጋ ደወልኩ። ተሽጧል። አዲሶቹ ባለቤቶች የድሮ ፋይል የለንም አሉ። የአሜሪካ ታክስ ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት አይአርኤስ የደመወዝ መረጃ የሚሰጠው የ10 ዓመት ብቻ ነው፤ የኔ ከዚያ ያለፈ ነበር። ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ መስኮት ላይ ያገኘሁት ሠራተኛ ደግሞ ቀና ብሎ ሳያየኝ «የማረሚያው ጊዜ 3 ዓመት ከ3 ወር ከ15 ቀን ነው፣ አልፏል» ብሎ ሸኘኝ።

የጊዜ ገደቡ እውነት ነው። ግን ለተቀጣሪ ሠራተኛ ልዩ ሁኔታዎች አሉት። አሠሪው ሪፖርት ያደረገው ገቢ በስማችሁ ሳይመዘገብ ከቀረ ጊዜው ካለፈም በኋላ ሊስተካከል ይችላል። ሰውዬው ይህን ሊነግረኝ ይገባ ነበር። አልነገረኝም። አንድ የዕድሬ አባል ባይነግረኝ ኖሮ ቀርቶብኝ ነበር።

ተመልሼ ኤስኤስኤ-7008 የሚባለውን የማረሚያ ፎርም አስገባሁ። ሻንጣ ውስጥ ያስቀመጥኳቸውን ደብሊው-ቱዎች (አሠሪ በየዓመቱ የሚሰጠው የደመወዝና የታክስ ወረቀት)፣ የታክስ ቅጂዎችና የደመወዝ ቁራጮች አያይዤ ሰጠሁ። አብረውኝ የሠሩ ልጆች የምስክርነት ደብዳቤ ጻፉልኝ። ወረቀት ለሌለኝ ዓመት የት እንደሠራሁ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ስንት እንደሚከፈለኝና በየትኛው ስምና ቁጥር እንደተመዘገብኩ ዘርዝሬ ጻፍኩ። ብዙ ከጠበቅኩ በኋላ ዓመቶቹ በስሜ ገቡ። በዚያ ሻንጣ እኮራለሁ።

የታክስ ወረቀት ለ3 ዓመት አስቀምጡ ይባላል። አትስሙ። ደብሊው-ቱ የመጀመሪያው ጡረታ እጃችሁ እስኪገባ አይጣልም። የደመወዝ ወረቀታችሁ ላይ ያለው ስም ከካርዱ ጋር ፊደል በፊደል ይመሳሰል። መዝገባችሁንም በየዓመቱ እዩ።

ታክሲና ኡበር ለምትነዱ ደግሞ የበለጠ እፈራላችኋለሁ። የግል ሥራ ገቢ ያ የጊዜ ገደብ ካለፈው ልዩ ሁኔታ የለውም ማለት ይቻላል፤ ታክሱ በጊዜው ካልተሞላ ቀረ። «ወጪህን ከምሬልህ ምንም አትከፍልም» የሚል አካውንታንት ሲገጥማችሁ አትደሰቱ። የተጣራ ትርፋችሁ ባዶ ከሆነ ክሬዲቱም ባዶ ነው። የግል ሥራ ታክሱን 15.3 በመቶ መክፈል ያማል፣ አውቃለሁ። 62 ዓመት ሞልቶት 40 ክሬዲት ያልሞላለት ሹፌር አይቻለሁ፤ እሱ የበለጠ ያማል።

ቤት ልጅ ስታሳድግ የኖረች ሚስት የራሷ ክሬዲት ባይኖራትም በባሏ መዝገብ፣ ሙሉ የጡረታ ዕድሜዋ ላይ ስትደርስ፣ እስከ ግማሹ ድረስ ማግኘት ትችላለች። ብዙ እናቶቻችን ይህን ሳያውቁ ይቀመጣሉ። የአገር ቤት ጡረታ ያላችሁም አትፍሩ። ድሮ በእሱ ምክንያት የአሜሪካው ይቀነስ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የተፈረመው ሕግ ያንን ቅነሳ ሰርዞታል።

ዕድሜን በተመለከተ፣ በየለቅሶ ቤቱ «ሳይሞቱ መብላት ነው» እየተባለ ሁሉም በ62 ይወስዳል። እ.ኤ.አ. ከ1960 ወዲህ ለተወለደ ሙሉው የጡረታ ዕድሜ 67 ነው፤ በ62 የወሰደ 30 በመቶ ለዕድሜ ልኩ ይቀነስበታል። ከሙሉው ዕድሜ በኋላ እስከ 70 የቆየ ደግሞ በዓመት 8 በመቶ ይጨመርለታል። ጤና ወይም ሥራ ከሌለ ውሰዱ። ጤነኛ ሆናችሁ እየሠራችሁ ከሆነ ግን ጠብቁ። እኔ ሙሉ ዕድሜዬ እስኪደርስ ጠበቅኩ። ማመልከቻውን ክፍያው ከሚጀምርበት 4 ወር ቀደም ብሎ ኦንላይን መሙላት ይቻላል። መዝገቤ ተስተካክሎ ስለነበር እሱ ምንም አላስቸገረኝም።