ከጥቁር ውሃ የቀዳሁት ጠርሙስ

ከአዳማ የተነሣሁት በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት፣ ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ነው። ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱ፣ ሻሸመኔ እያልን ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሐዋሳ ገባን። መንገድ ላይ ልቤን የነካው አብያታ ሐይቅ ብቻ ነው። ቡልቡላ ወንዝ የሚያመጣለት ውሃ ከላይ ለመስኖ ይጠለፋል፤ ከራሱም ለሶዳ አሽ ምርት ውሃ ሲሳብ ኖሯል። ሐይቁ ወደ ውስጥ ሸሽቶ ዳርቻው ነጭ ሜዳ ሆኗል።

እኔ ያደግሁት በቆቃ አካባቢ ነው። ግድቡ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ አዋሽ ደለሉን ሲያራግፍበት ኖሯል። አባቴ “እዚህ ድረስ ጀልባ ይገባ ነበር” እያለ የሚያሳየኝ ቦታ ላይ ዛሬ ሽምብራ ይዘራል። ስለዚህ የትም ብሄድ መጀመሪያ የማየው የውሃውን ዳር ነው።

የቅዳሜው ሌሊት ክፉ ነበር። ለፔንሲዮኑ 900 ብር ከፍዬ አጎበሩ የተቀደደ ሆኖ አገኘሁት። ከጎን ያለው ሙዚቃ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት አላቆመም። የአዳማን ሙቀት የለመደ ሰው ሙቀት አይከብደውም፤ ቢንቢው ግን አላስተኛኝም። በጣም ተናድጄ ነበር። ሊነጋ ሲል የአሳ አሞራ ጮኸ፤ ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ።

አሳ አጥማጆቹ የሚወርዱበት አሞራ ገደል ስደርስ ጀልባዎቹ እየገቡ ነው። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የአሳ አንጀት የሚጣልበት ቦታ ተሰልፈው ቆመዋል፤ ዛፉ ላይ ጉሬዛ ይዘላል። አንድ ሸምገል ያሉ አሳ አጥማጅ መረብ ላይ የተጠላለፈች ቆሮሶ የምትባል አሳ እየፈቱ ሳለ ከአፏ ቢጫ ፍሬ መዳፋቸው ላይ ፈሰሰ። ከማሽላ ያነሰ፣ የሚያብለጨልጭ ፍሬ ነው።

“ምንድን ነው ጋሼ?” አልኳቸው።

“እንቁላሏ ነዋ ልጄ። አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምትፈለፍለው። እስኪፈለፈል እህል አትቀምስም። ጫጩቶቹ ከወጡም በኋላ የሚያስፈራ ነገር ሲመጣ መልሳ በአፏ ትሸሽጋቸዋለች።”

የት እንደምታሳድጋቸው ስጠይቃቸው በአገጫቸው ወደ ፊላው አመለከቱኝ። ጥልቀት የሌለው፣ ፊላና ደንገል የበዛበት ዳርቻ መሆኑ ነው። እንቁላሎቹን ውሃ ውስጥ በተኗቸው፤ ያለ እናታቸው እንደማይተርፉ ግን ሁለታችንም እናውቃለን። መረቡ ጠባብ ዓይን ነው። ልቆጣቸው አልቻልኩም፤ የልጆቻቸው እንጀራ ነው።

ለጀልባ አንድ ሺህ ብር ተጠየቅሁና ሳልከራከር ከፈልኩ። ስመለስ ከኔ በኋላ የተሳፈሩት ለዚያው አንድ ሰዓት 500 እንደከፈሉ ሰማሁ፤ እስካሁን ያንገበግበኛል። ደግነቱ ቀዛፊው ጉማሬዎቹ ያሉበት ስንደርስ ሞተሩን አጥፍቶ በጸጥታ አሳለፈኝ። በከተማው በኩል ሐይቁ ሞልቶ ሲያስቸግር የተገደበው ድንጋይና አፈር አለ፤ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው ዳርቻ ላይ ሰው የሚንሸራሸርበት ነው። ፈንጠር ብሎ ደግሞ እርሻው እስከ ውሃው አፍ ታርሷል። መሐል ላይ የቀረው ፊላ እዚህም እዚያም የተቆራረጠ ነው። ሰዎች ዳርቻውን ሲያጸዱ መጀመሪያ የሚነቅሉት እሱን ነው፤ የሃይላንድ ጠርሙሱ ይቀራል። ፊላው ግን ቆሻሻ አይደለም፤ ደለሉን የሚይዘው፣ አሳውን የሚያሳድገው፣ ወፉን የሚያስጠልለው እሱ ነው።

ሐዋሳ ሐይቅ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጥልቅ በሚባለው ቦታም ከ20 ሜትር ብዙ አያልፍም። ዓመቱን ሙሉ የሚገባለት ወንዝ ጥቁር ውሃ ብቻ ነው፤ የሚወጣለት ወንዝ የለም። ውሃው ከመሬት በታች ስለሚሰርግ እንደ ሻላ ሐይቅ ጨው አልሆነም። አፈር ግን አይሰርግም፤ የገባው ሁሉ እዚያው ይቀራል።

ወንዙን ለማየት ባጃጅ ያዝኩ። ሹፌሩ ድልድዩ ጋ ግማሽ ሰዓት ጠበቀኝ፤ የመጠበቂያ ልጨምርልህ ስለው “አንቺ እኮ የኛን ውሃ ልታይ ነው የመጣሽው እህቴ” ብሎ እጄን መለሰው። የጀልባው ንዴት ለጊዜው ለቀቀኝ። ከድልድዩ ወዲያ ድሮ ጨለለቃ የሚባል ሐይቅ ነበር፤ ከወንዶ ገነት ተራሮች የሚወርደው ጎርፍ ደለሉን እዚያ ያራግፍና ውሃው ጠርቶ ያልፍ ነበር። ጨለለቃ ራሱ በደለል ሞልቶ ረግረግና ግጦሽ ከሆነ ቆይቷል። አሁን ማጥለያው የለም። ተራራው ላይ እርከን ካልተሠራ፣ ረግረጉም ካልተከለለ፣ አባቴ ቆቃ ላይ ያሳየኝን ነገር የሐዋሳ አባቶች ለልጆቻቸው ያሳያሉ ብዬ እፈራለሁ።

ከድልድዩ ሥር ወርጄ በባዶ ጠርሙስ ውሃ ቀዳሁ። እንደ ቅራሪ ድፍርስ ነበር።

የመልሱን መንገድ ተኝቼ ነው ያሳለፍኩት። መቂ ስነቃ ጠርሙሱ ጠርቷል፤ ከሥሩ እንደ እንጀራ የሳሳ ቡናማ ደለል ተነጥፏል። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ሲያዩት ቆይተው “ጠበል ነው ልጄ?” አሉኝ።

“አይ እማማ፣ የሐዋሳ ወንዝ ነው።”

ተቀብለው ወደ መስኮቱ አንሥተው አዩት። መኪናው ጉድጓድ ላይ ሲዘል ደለሉ እንደገና ተነሣ፤ ውሃው ደፈረሰ።